ምዕራፍ 6፦ የዌስ አውራ ጣት

ጆን ሌስሊ ሞንጎምሪ፣ በሙዚቃው ዓለም ዌስ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ባለ ስድስት ክር ጊታር ከምር የያዘው ዘግይቶ ነው። ኢንዲያናፖሊስ የሚኖር፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ግድም የሆነ ወጣት ሠራተኛ ሳለ የቤኒ ጉድማን ኦርኬስትራ የቀረጸውን «ሶሎ ፍላይት» የተባለ ሸክላ ሰማ። በዚያ ሸክላ ላይ ጊታር ከኋላ ሆኖ ኮርድ የሚያጅብ መሣሪያ አይደለም፤ እንደ ሳክስፎን ከፊት ወጥቶ የራሱን ነገር ይናገራል። ተጫዋቹ ቻርሊ ክርስቲያን ነበር። ዌስ ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕሊፋየር ገዛ፤ ሸክላዎቹን እየደጋገመ እያስጮኸም የክርስቲያንን ሶሎዎች ድምፅ በድምፅ ማውጣት ጀመረ። ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ስሙ ከገነነ በኋላም አንባቢ አልሆነም።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አገኘ። በከተማው የነበረ አንድ ክለብ የቀጠረው የክርስቲያንን ሶሎዎች እንዲጫወት ነው። ተራው ሲደርስ ያጠናውን ሶሎ አንድም ሳያጓድል ይጫወታል፣ ሶሎው ሲያልቅ ዝም ይላል። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ታዋቂ ከሆነ በኋላ ይህንን ራሱ ሳይደብቅ ተናግሮታል።

ታሪኩን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ጃዝ ጊታር የሚማር ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ክርክር ውስጥ ይገባል። ገሚሱ «የሰው ሊክ አትሸምድድ፣ የራስህን ድምፅ ፈልግ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ የዌስን ሃምሳ ሊክ በታብ የያዘ መጽሐፍ ይሰጠውና «እነዚህን ካወቅህ ይበቃሃል» ይለዋል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የጊታርን ታሪክ ከለወጡት ሰዎች አንዱ የጀመረው በቅጂ ነው፤ ያውም እንጀራውን እየበላበት። ነገር ግን የቀዳው ከወረቀት ላይ አልነበረም፣ በቀዳውም ላይ አልቆመም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ስለዚህ ልዩነት ነው።

ሊክ ስል ሁለት ወይም አራት ባር የሚሞላ፣ ከአንድ ኮርድ ወደ ሌላው የሚያሻግር አጭር የዜማ ሐረግ ማለቴ ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ጉባኤ ቃና እንደሚነሣ ሁሉ የጃዝ ተማሪም ከዚህች አጭር ሐረግ ይነሣል። የመምህሩን ይሰማል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ብቻውን ቁጭ ብሎ የራሱን ይቆጥራል። የመምህሩን ሳይሰማ ቆጠራ የሚጀምር የለም፤ የመምህሩን ብቻ እየደገመ ባለቅኔ የተባለም የለም።

የዌስ መምህር ሸክላ ነበር። ቻርሊ ክርስቲያን በ1916 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ቦንሃም ውስጥ ተወልዶ ኦክላሆማ ሲቲ ያደገ ሰው ነው። በ1939 ቤኒ ጉድማንን ተቀላቀለ፣ በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ነበር። በጉድማን ቡድን ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ከእርሱ በኋላ የመጣ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ሁሉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የእርሱ ተማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ እንምጣ። ክርስቲያን ክሩን የሚመታው በፒክ ነበር፤ ዌስም ሲጀምር እንደዚያው አደረገ። ይሁን እንጂ ልምምዱ ማታ ማታ ነበርና የአምፕሊፋየሩ ጩኸት ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም አስቸገረ። ስለዚህ ፒኩን አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ሥጋ መምታት ጀመረ። ድምፁ ለሰለሰ፣ ወፈረ፣ ክብ ሆነ። ቀሪዎቹን ጣቶች ጊታሩ ላይ አሳርፎ፣ ክሩን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ብቻ እየመታ መጫወት ለመደ። ዛሬ የዓለም ጊታሪስቶች «የዌስ ድምፅ» የሚሉት፣ በሺህ የሚቆጠር ብር አምፕሊፋየርና ፔዳል እየገዙ የሚያሳድዱት ድምፅ የተወለደው ከዚህ ነው። እርግጥ መሣሪያውም ረድቶታል፤ የሚጫወተው ሆዱ ባዶና ጥልቅ በሆነው ጊብሰን ኤል-5 ላይ፣ ወፍራምና ለስላሳ ክሮች ገጥሞ ነበር። ዋናው ነገር ግን ሥጋ ክርን ሲነካ የሚወጣው ድምፅ ነው። የክርስቲያንን ሊክ በአውራ ጣት የመታ ሰው ያው ሊክ ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። ጊታር ያላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት፤ አንዷን ሐረግ አንድ ጊዜ በፒክ፣ አንድ ጊዜ በአውራ ጣት ምቷት። በአውራ ጣት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ድምፆቹን መምረጥ ግድ ይላል።

በ1948 የላየነል ሃምፕተን ኦርኬስትራ ወሰደው። ሃምፕተን ከክርስቲያን ጋር በጉድማን ቡድን አብሮ የሠራ ሰው ስለሆነ ዌስ የተሸከመውን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዌስ ግን ከቤተሰቡ ተለይቶ መንገድ ለመንገድ መኖሩን አልወደደውም፤ በ1950 ሥራውን ትቶ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው ለማመን ይከብዳል። ቀን ፋብሪካ ይሠራል፣ ማታ ተርፍ ባር በሚባል ቤት ይጫወታል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ሚሳይል ሩም ወደተባለው ክለብ ሄዶ እስከ ንጋት ይጫወታል። ልጆቹ ሰባት ነበሩ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ካነንቦል አደርሊ በ1959 ሰምቶት ሪቨርሳይድ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ እስኪነግርለት ድረስ ኢንዲያናፖሊስ ይዛው ቆየች። በጥር 1960 ኒው ዮርክ ገብቶ «ዘ ኢንክረዲብል ጃዝ ጊታር» የተሰኘውን አልበም ሲቀርጽ 36 ዓመቱ ነበር፤ ፒያኖ ቶሚ ፍላናጋን፣ ቤዝ ፐርሲ ሂዝ፣ ድራም አልበርት ሂዝ። የክርስቲያንን ሶሎ ጨርሶ ዝም ይል የነበረው ልጅ እዚህ አልበም ላይ የሚናገረው አላለቀበትም።

በመካከል ምን ተፈጠረ? አንደኛው መልስ ኦክታቭ ነው።

ኦክታቭ አንድን ድምፅ በወፍራሙና በቀጭኑ አብሮ ማሰማት ነው። ጊታር ላይ እንዲህ ይሠራል። ሌባ ጣታችሁን ስድስተኛው፣ ማለትም እጅግ ወፍራሙ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ላይ አድርጉ፤ ሶል ነው። አምስተኛውን ክር ዝለሉና አራተኛው ክር ላይ አምስተኛውን ፍሬት በትንሿ ጣት ወይም በቀለበት ጣት ያዙ፤ እሱም ሶል ነው፣ ቀጭኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ክር መጮኽ የለበትም፤ የሌባ ጣታችሁ ሥጋ ዘንበል ብሎ በስሱ ይንካውና ያፍነው። አሁን አውራ ጣት በሦስቱም ክሮች ላይ በአንድ ምት ይውረድ። ሁለቱ ይዘምራሉ፣ መካከለኛው ዝም ይላል። ከአምስተኛው ወደ ሦስተኛው ክር ያው ቅርጽ ይሠራል። ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው ሲኬድ ግን በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ፍሬት ወደ ሦስት ያድጋል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ክር ከሦስተኛው ጋር የሚቃኘው ከሌሎቹ በግማሽ ድምፅ ባነሰ ርቀት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። ሜጀር ስኬል በኦክታቭ ከታች እስከ ላይ ሲወጣ ዜማው የሚሰበረው እጁ የአንዱን ቅርጽ ወደ ሌላው ሲቀይር ነው። ስለዚህ መሻገሪያውን ለብቻው ለዩትና ሁለት ድምፅ ብቻ ደጋግማችሁ ሥሩበት።

ከዌስ በፊትም ኦክታቭ የተጫወቱ ነበሩ፤ ጃንጎ ራይንሃርት አንዱ ነው። ዌስ ግን ሙሉ ሶሎ፣ ፈጣን ዜማ ሁሉ፣ እንደ ነጠላ ድምፅ አቅልሎ በኦክታቭ ሄደበት። የሶሎው አገነባብም በዚህ ላይ ይቆማል። በነጠላ ድምፅ ይጀምራል፤ ሲሞቅ ወደ ኦክታቭ ይሻገራል፤ ጫፍ ሲደርስ ሙሉ ኮርዶችን እንደ ዜማ ያንቀሳቅሳል። ድምፁ እየወፈረ፣ ባንዱም አብሮ እየጋለ ይሄዳል። ሊኩን ብቻ ነጥሎ የሚያጠና ተማሪ ይህን አያገኘውም፤ ምክንያቱም ያው ሐረግ በመጀመሪያው ዙርና በመጨረሻው ዙር የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ዜማው ኮርዱን የሚመለከትበት መንገድ ነው። ይህኛው ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጊታራችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። በጃዝ ውስጥ እጅግ የተለመደው ሽግግር ሬ ማይነር ሰቨን፣ ሶል ሰቨን፣ ዶ ሜጀር ሰቨን ነው። ለልምምድ እንዲመች በዌስ መንገድ የሠራኋት አንዲት ሐረግ አለች፤ የእርሱ አይደለችም፣ ግን እርሱ የሚያስብበትን አቅጣጫ ታሳያለች። በመጀመሪያው ባር፦ ፋ ላ ዶ ሚ ሬ ዶ ሲ ላ። በሁለተኛው፦ ላ ፍላት፣ ፋ ሬ ሲ ሬ ፋ ላ፣ ላ ፍላት። በሦስተኛው ባር የመጀመሪያ ምት ላይ ሶል፣ ከዚያ ዕረፍት።

አነሣሷን ተመልከቱ። ኮርዱ ሬ ማይነር ነው፣ ሐረጓ ግን ሬን ትታ ከፋ ትነሣለች። ሬን ቤዙ ይዞታል፤ እናንተ መድገም የለባችሁም። ከፋ ተነሥታ ላይኛው ሚ ላይ ስትደርስ ከኮርዱ ዘጠነኛውን ድምፅ ነክታለች፣ በዚህም ጆሮ ሰፋ ያለ ነገር ይሰማል። ሁለተኛው ባር ላይ የምትመጣው ላ ፍላት ከሶል ሰቨን ድምፆች ውስጥ አይደለችም። ከፋ፣ ከሬና ከሲ ጋር ስትሰለፍ ግን ዲሚኒሽድ የተባለውን ኮርድ ትሠራለች፤ የአራቱ ድምፆች ርቀት እኩል፣ ሦስት ሦስት ፍሬት ነው። ስለዚህ የያዛችሁትን የእጅ ቅርጽ ሦስት ፍሬት ብታንሸራትቱት እነዚያኑ አራት ድምፆች በሌላ ቅደም ተከተል ታገኛላችሁ። ዌስ በኮርድ ሶሎው ይህን ጠባይ በእጅጉ ይጠቀምበታል፤ አንዱን ኮርድ ከዲሚኒሽዱ ጋር እያፈራረቀ አንገቱን ሙሉ ይወጣበታል።

ከሁሉ የምወደው ግን የላ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ባር መጨረሻ ላ ትመጣለች፣ ወዲያው ወደ ላ ፍላት ትወርዳለች። ጆሮ ቀጥሎ ሶልን ይጠብቃል። አትመጣም፤ ሐረጓ ወደ ታች ሸሽታ ትመለሳለች። በሁለተኛው ባር መጨረሻ ላ እና ላ ፍላት እንደገና ይመጣሉ፣ አሁን ሶል ትደርሳለች። ጆሮ የጠበቀውን በሁለተኛው ጊዜ አገኘ። አንድ ሊክ ጥሩ የሚሆነው ይህን የመሰለ ውስጣዊ ክር ሲኖረው ነው። የጣት አቀማመጡን ብቻ የያዘ ተማሪ ክሩን ስለማያየው በሌላ ኮርድ ላይ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም።

የዌስን ሶሎዎች በኖታ የጻፉ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ሌላም ነገር አለ። ሶል ሰቨን ብቻውን ለብዙ ባር በሚቆይበት ቦታ ዌስ በሬ ማይነር ያስባል። ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ በሶል ሰቨን ላይ ሲሰሙ አምስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ዘጠነኛና አሥራ አንደኛ ድምፅ ይሆናሉ፤ የሚታወቅ ሰፈር ውስጥ ሆኖ አዲስ መስኮት መክፈት ይቻላል። አንድ የማይነር ሊክ በደንብ ያወቀ ተማሪ፣ ሳይታወቀው የሰቨን ኮርድ ሊክም ይዟል ማለት ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ ልናገር። በመጀመሪያ ታቡን አስቀምጡት። ታብ ጣት የት እንደሚያርፍ ይነግራል፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከምቱ ምን ያህል ወደኋላ እንደሚል፣ የትኛው ጠንክሮ የትኛው ተውጦ እንደሚወጣ አይነግርም። የዌስ ግማሹ ነገር ያለው እዚያ ነው። ምቱን አይሮጥበትም፤ ተደላድሎ ከኋላው ይቀመጣል። አጭር ሐረግ ይጥላል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ለራሱ ሐረግ ራሱ ይመልሳል። ይህን የሚያስተምር ሸክላው ብቻ ነው።

ስለዚህ አራት ባር ምረጡና ስሙ። ጊታር ሳትነኩ ስሙ። አፋችሁ ላይ እስኪመጣ፣ መንገድ ስትሄዱ እስክታንጎራጉሩት ድረስ። አፍ ያልያዘውን ጣት ቢይዘው ማሽን ነው የሚሆነው፤ በዚህ ላይ ግትር ነኝ። ከፈጠነባችሁ አዝግሙት። ድሮ ተማሪዎች በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በግማሽ ፍጥነት ያዞሩት ነበር፤ ዜማው በአንድ ኦክታቭ ወፍሮ ይወርዳል፣ ግን ስሙ አይለወጥም፤ ላ ላ ሆኖ ይቆያል። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለ ፕሮግራም ቅኝቱን ሳይነካ ፍጥነቱን ብቻ ይቀንሳል፤ ዌስ ያላገኘው ዕድል ነው።

ከዚያ ጊታሩን አንሡና ፈልጉት። አንድ ቦታ ስታገኙት አትርኩ፤ ያው ድምፅ በሌሎች ክሮችም ላይ አለ። ዌስ የት ቦታ እንደተጫወተው መገመት ራሱ ትምህርት ነው፤ በአውራ ጣት ወደ ታች ብቻ ለሚመታ ሰው የሚመቸው መንገድ ፒክ ለያዘ ሰው ከሚመቸው ይለያል። ቀጥሎ በአሥራ ሁለቱም ቁልፍ ይዘዋወር። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከማንም ጋር ስትጫወቱ ዘፋኙ ወይም ሳክስፎኑ የሚመርጠው ቁልፍ የእናንተን ምቾት አይጠይቅም።

እዚህ ድረስ የመጣ ተማሪ ዌስ ክለቡ ውስጥ የቆመበት ቦታ ላይ ደርሷል፤ የሰው ሶሎ አለው፣ ሲያልቅ ዝም ይላል። ብዙዎች የሚቀሩት እዚህ ነው። የሚቀጥለው ሥራ ሐረጉን መስበር ነው። መጨረሻውን ይዛችሁ መነሻውን ለውጡ። ድምፆቹን እንዳሉ ትታችሁ ምቱን ብቻ ቀይሩ፤ አንድ ምት አዘግይታችሁ ጀምሩት። ግማሹን ተጫወቱና ሌላውን ግማሽ ለዝምታ ስጡት። ከላይ ያለችውን የእኔን ሐረግ ከሁለተኛው ባር ብቻ ተነሥታችሁ በኦክታቭ ሞክሯት፤ የዘነጋችሁትን መሻገሪያ ወዲያው ታሳያችኋለች። ከዚያ እውነተኛ ዜማ ውስጥ አግቧት፤ ከምትወዱት አንድ ዜማ ውስጥ ሬ ማይነር፣ ሶል ሰቨን፣ ዶ የሚመጣበትን ቦታ ፈልጉና፣ በመጀመሪያው ዙር እንዳለች፣ በሁለተኛው ተለውጣ፣ በሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ሳትኖር ተጫወቱ። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚወጣው ነገር የእናንተ ነው፤ መጀመሪያ ደካማ ቢሆን አይግረማችሁ።

ምን ያህል መቅዳት ይበቃል ለሚለው ሁለት ታላላቅ ሰዎች ሁለት መልስ ሰጥተዋል። ጆርጅ ቤንሰን የዌስን ኦክታቭ ወስዶ በሁለቱ ድምፆች መካከል ሌላ ድምፅ ጨመረበት፤ ዌስ ያፈነውን ክር እርሱ አስጮኸው ማለት ነው። ዛሬ ያ አጨዋወት በቤንሰን ስም ይታወቃል። ፓት ሜትኒ ደግሞ በልጅነቱ አውራ ጣቱንም ኦክታቩንም ተከትሎ ልክ እንደ ዌስ ይጫወት እንደነበር፣ ኋላ ግን ይህ የዌስ ንብረት ነው ብሎ ሆን ብሎ እንደተወው ተናግሯል። አንዱ ጨመረ፣ አንዱ ተወ። ሁለቱም ግን መጀመሪያ አጥንተውታል፤ ያላጠኑትን ነገር ሊጨምሩበትም ሊተዉትም አይችሉም ነበር።

ዌስ ሞንጎምሪ ሰኔ 1968 እ.ኤ.አ. በልብ ሕመም ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሞተ፤ 45 ዓመቱ ነበር። ከመጀመሪያው የሪቨርሳይድ ቅጂ እስከ ሞቱ ዘጠኝ ዓመት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። የተረፉት ቅጂዎች ለአንድ ተማሪ ዕድሜ ልክ ይበቃሉ፤ ከየት እንጀምር ለሚሉኝም ምርጫዬን ልናገር። በ1965 ከዊንተን ኬሊ ትሪዮ ጋር የተቀረጸው «ስሞኪን አት ዘ ሃፍ ኖት» ለእኔ የላቀው ነው፤ ለጀማሪ ግን ፍጥነቱ ይከብዳል። «ዌስት ኮስት ብሉዝ» በሦስት ምት የሚሄድ ብሉዝ ስለሆነ ቆይቶ ይምጣ። ከ1960ው አልበም «ዲ-ናቹራል ብሉዝ»ን አውጡት፤ አይሮጥም፣ ብሉዝ ነው፣ ዌስ ሐረግ ጥሎ እንዴት እንደሚመልስ በግልጽ ይሰማበታል። የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ብቻ ውሰዱ። ዛሬ ማታ ስሙ፣ ነገ አንጎራጉሩ፣ ጊታሩን ከዚያ በኋላ አንሡ፤ ፒኩንም እዚያው ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።